የጀልባ ሞተር ዘይት ውስጥ ውሃ ከገባ የት ይወሰዳል? ስለ ተክለ ሃይማኖቱ ጋራዥ

ዝዋይ ሐይቅ ላይ ከወንድሜ ጋር የምናሠራት ጀልባ አለችን። ወደ ቱሉ ጉዶ ደሴት ሰው ታደርሳለች። ገዳሙን ሊሳለም የሚሄድ አለ፣ ወፍ ሊያይ የሚመጣ አለ፣ በበዓል ሰሞን ቤተሰቡን ይዞ ከአዲስ አበባ የሚወርድም አለ። ሞተሯ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ አራት ስትሮክ፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር ነው። እሱ ቆመ ማለት ሥራው ቆመ ማለት ነው። ዘይቱ ውሃ ገብቶበት ነጥቶ ያየሁት ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት።

ሞተሩን በደንብ የሠራልን ጋራዥ ሐይቅ ዳር አይደለም ያለው። መሀል አዲስ አበባ ነው፣ ከተክለ ሃይማኖት አደባባይ ወደ ሶማሌ ተራ በሚወስደው በኩል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። ታፔላ የለውም። በዋናነት የጀነሬተርና የውሃ ፓምፕ ሞተር ነው የሚሠሩት፣ የጀልባ ሞተርም ይቀበላሉ። ባለቤቱ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፣ ድሮ ፒያሳ አካባቢ ነበሩ፣ በ2016 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ነው ዕቃቸውን ይዘው ወደዚህ የመጡት። አብሯቸው አንድ ጎበዝ ወጣት ይሠራል።

ስለነሱ ለመጻፍ የተነሳሁት በአንድ ነገር ነው። ዘይት ከመቀየራቸው በፊት ውሃው በየት እንደገባ ይፈልጋሉ። ይሄ የማንም መካኒክ ሥራ ይመስላል አይደል? እኔ ግን መጀመሪያ ሌላ ጋራዥ ወስጄው ነበር፣ ስሙን አልጠራም። እዚያ ዘይቱን ቀየሩልኝ፣ ሒሳብ ተቀበሉኝ፣ ሞተሩ ሐይቅ ላይ ትንሽ እንደሠራ ዘይቱ መልሶ ነጣ። ድጋሚ ስመልሰው ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ የሚፈጠረውን ግፊት) ለኩና «ዝቅ ብሏል፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው፣ ይከፈት» አሉኝ (ቴስታታ የሲሊንደሮቹ የላይ ክዳን ነው፣ ጓርኒሲዮኑ በሱና በሞተሩ አካል መካከል ገብቶ የሚያሽገው)። የጠሩት ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም። ዕቃውም ከውጭ እስኪመጣ ብዙ መጠበቅ ነበረብኝ።

መጀመሪያ ለማያውቁ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ግማሹ ችግር የሚመጣው ከዚህ ነው። ባለ አራት ስትሮክ የጀልባ ሞተር ሁለት የተለያየ ዘይት አለው። አንዱ ላይኛው ክፍል ያለው የሞተር ዘይት ነው፣ እንደ መኪና በመለኪያ ዘንግ የሚታየው። ሁለተኛው ታች፣ ፕሮፔለሩ ያለበት የማርሽ ቤት ውስጥ ያለው ወፍራም ዘይት ነው። ሁለቱ አይገናኙም። ላይኛው ውስጥ ውሃ ከገባ ጥያቄው ስለ ጓርኒሲዮን፣ ስለ ተሰነጠቀ ብረት፣ ስለ ቴርሞስታት (የማቀዝቀዣውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው) ነው። ታችኛው ውስጥ ከገባ ደግሞ ስለ ኦይል ሲል (ባጭሩ «ሲል»፣ በሚዞረው ዘንግ ዙሪያ የሚያሽገው ባለ ከንፈር ቀለበት) እና ስለ ኦሪንግ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበት) ነው። «ዘይቱ ውሃ አለው» ብቻ ብሎ ወደ ሥራ የሚገባ ሰው ካያችሁ የትኛው ዘይት እንደሆነ ጠይቁት።

እኔ ጋ ሁለቱም አጠራጣሪ ነበሩ። የታችኛው ሙሉ በሙሉ ማኪያቶ መስሏል። የላይኛው ግን መለኪያው ላይ ደህና ሆኖ የመሙያው ክዳን ሥር ብቻ ነጭ ቅባት ይዟል።

«ጋሼ፣ ቴስታታው ይከፈት ተብያለሁ» አልኳቸው ገና እንደገባሁ።

«ማን አይቶት?» አሉኝ። ከዚያ ወጣቱን «ከሁለቱም በብርጭቆ ቅዳልኝ» አሉት።

ሥራቸው የጀመረው በዚህ ነው። ከሁለቱም ዘይት በጠራ ብርጭቆ ተቀዳ፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፣ እስከ ማግስቱ ማንም እንዳይነካው ተባለ። ውሃ ከዘይት ይከብዳልና ያልተዋሃደው ወደ ታች ይወርዳል። በማግስቱ ስመጣ የማርሽ ቤቱ ዘይት ከብርጭቆው ግርጌ በግልጽ የሚታይ ውሃ አጠራቅሟል፣ ቡናማ ውሃ፣ ደለል ያለበት፣ ማለትም የሐይቁ ውሃ ራሱ። የሞተሩ ዘይት ብርጭቆ ግን ከሥሩ ምንም የለም።

ጋሼ በዚህ ብቻ አልረኩም። ወፈር ያለ ብረት በእሳት አሞቁና ከእያንዳንዱ ዘይት ጠብታ ጣል አደረጉበት። የማርሽ ቤቱ ወዲያው ቸስ ቸስ ብሎ ፈነጣጠረ። የሞተሩ ዝም ብሎ ጨሰ። ዘይት ውስጥ ትንሽም ውሃ ካለ የጋለ ብረት ሲነካ ወደ እንፋሎት ይቀየርና ይንጣጣል፣ ንጹሕ ዘይት ግን ድምፅ የለውም። ይሄን ቤታችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ፣ ግን ጠብታ ብቻ፣ መነጽር አድርጋችሁ፣ ቤንዚን አጠገብ በሌለበት። የሞተሩን ዘይት አሸተቱትም። ቤንዚን ቢሸት ኖሮ ሌላ ችግር ነው፣ ያልተቃጠለ ነዳጅ እየወረደ የዘይቱን መጠን ከፍ ያደርገዋል፣ ሰውም ውሃ ገባ ብሎ ይደነግጣል።

አሁን ወደ ኮምፕሬሽኑ። እኔ በጣም የወደድኩት ይሄን ክፍል ነው። ጋሼ ሦስቱንም ካንዴላ አስወጥተው በየተራ ለኩ። ቁጥሩ በእርግጥም የሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ከተጻፈው ያንሳል። ያኛው ጋራዥ የነገረኝ እውነት ነው ማለት ነው። ሦስቱ ሲሊንደሮች ግን እርስ በርሳቸው እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። «መጽሐፉ የተጻፈው ባሕር ጠለል ላይ ነው» አሉኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳር በሩብ ገደማ ያንሳል። ሞተሩ የሚስበው አየር ራሱ ስስ ስለሆነ ጌጁ ላይ የሚታየው ቁጥር ጤነኛ ሞተር ላይም ዝቅ ይላል። መታየት ያለበት በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ነው። አንዱ ከሌሎቹ ከአሥር አሥራ አምስት በመቶ በላይ ቢያንስ፣ ወይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለቱ አብረው ቢወርዱ፣ ያኔ ጓርኒሲዮን መጠርጠር ነው። የኔ እንደዛ አልነበረም።

አስቡት፣ በዚህ አንድ ነገር ብቻ ቴስታታ ሊፈታ ነበር። ደህና የነበረ ጓርኒሲዮን ሊቀደድ፣ ብሎን ሊበጠስ ነበር። የጀልባ ሞተር ብሎን ደግሞ አሉሚኒየም ውስጥ ከከረመ ሳይሰበር መውጣቱ ዕድል ነው። የአዲስ አበባ ጀነሬተርም ሆነ የመኪና ሞተር የሚሠሩ ሰዎች ይሄን የከፍታ ነገር በየቀኑ ነው የሚያገኙት፣ ለደንበኛ መንገር ያለባቸው ይመስለኛል።

ለማረጋገጥ ሌላም አደረጉ። የማቀዝቀዣው ውሃ ሞተሩ ውስጥ የሚያልፍበትን መንገድ ጫፍ ጫፉን ደፍነው በዝቅተኛ ግፊት አየር ሞሉበትና ጌጁን ትተውት ሻይ ጠጣን። ስንመለስ አልወረደም። እንግዲህ ውሃው ከሞተሩ መንገድ ወደ ዘይቱ አልሾለከም።

ታዲያ ክዳኑ ሥር ያለው ነጭ ቅባትስ? ቴርሞስታቱ ነው። ሲፈታ፣ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ፣ አፉን በትንሹ ከፍቶ ተገኘ፣ ጠርዙ ላይ ደለል ደርቆበታል። ቀዝቃዛ ሲሆን መዘጋት፣ ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ መከፈት ነበረበት። ስላልተዘጋ የሐይቁ ውሃ ያለማቋረጥ ያልፋል፣ ሞተሩ በወጉ አይሞቅም፣ ውስጡ ያለው የአየር እርጥበት እንፋሎት ሆኖ መውጣት ሲገባው ክዳኑ ላይ ይጤዛል። እኛ ደግሞ ቱሉ ጉዶ ካልሄድን ብዙ ጊዜ አጭር መንገድ ነው የምንሠራው፣ ከወደቡ ብዙም ሳንርቅ። አዲስ ቴርሞስታት ገባ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ተቀየረ፣ በርሜል ውሃ ውስጥ እስኪሞቅ ድረስ በዝቅተኛ ዙር አስነሱት፣ ያንን ዘይት መልሰው አፍስሰው አዲስ ሞሉ። ትንሽም እርጥበት የቀረበት ዘይት ኩሽኔታ ይበላል ነው የሚሉት፣ ልክ ናቸው።

ዋናው በሽታ ግን ታች ነበር።

የማርሽ ቤቱን ዘይት ጨርሰው ካፈሰሱ በኋላ የማፍሰሻውን ብሎን አሳዩኝ። ጫፉ ማግኔት አለው። ላዩ ላይ ደቃቅ ግራጫ ነገር ተለጥፏል፣ በጣት ሲታሽ ልክ እንደ ግራሶ ለስላሳ። «ይሄ ደህና ነው፣ ስንጥር ቢሆን ኖሮ ማርሹ ሄዷል ማለት ነበር» አሉኝ። ጊዜው ሳያልፍ መምጣታችንን ያወቅኩት እዚያ ነው።

ቀጥሎ በላይኛው ቀዳዳ ጌጅ ያለው ትንሽ ፓምፕ አሰሩ። አየር ሞሉ፣ ወደ 10 ፒኤስአይ ገደማ። ከ15 በላይ አያልፉም፣ ግፊቱ ከበዛ ጤነኛውንም ሲል ሊያፈናቅለው ይችላል። ጌጁ ቆመ፣ ምንም አልወረደም። እኔ እዚህ ላይ ተስፋ ቆረጥኩ፣ ምክንያቱም ካልሾለከ ውሃው ከየት መጣ? ወጣቱ ግን የፕሮፔለሩን ዘንግ በእጁ ማዞር ጀመረ። ቀስ ብሎ። ግማሽ ዙር ላይ መርፌው ዝቅ አለ። መለሰው፣ ቆመ። እንደገና አዞረው፣ እንደገና ወረደ። የማርሽ ቤቱን በርሜሉ ውስጥ ነከሩትና ሲያዞሩት ከፕሮፔለሩ ዘንግ ዙሪያ አረፋ በመስመር ወጣ። ቆሞ የማይሾልክ፣ ሲዞር ብቻ የሚሾልክ ሲል። ዘንጉን ሳያዞር ጌጅ አይቶ «ደህና ነው» የሚል ሰው ይሄን በፍጹም አያገኘውም።

ፕሮፔለሩ ሲወልቅ ጥፋተኛው ተገኘ። የመረብ ክር። ናይለን ነው፣ ዘንጉ ላይ እየተጠመጠመ፣ በሙቀት እየቀለጠ፣ ጠንካራ ቀለበት ሆኗል። ዝዋይ ላይ ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምደው መረብ ውሃው ውስጥ በየቦታው ነው፣ ተቀዶ የሚንሳፈፈውም ብዙ ነው። ክሩ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይገባል፣ የሲሉን ከንፈር ይቆርጣል፣ ውሃ ከዚያ ይገባል። ጋሼ በካቻቪቴ ጫፍ እየፈለቀቁ ሲያወጡት ቁርጥራጩ ጠረጴዛው ላይ ተከመረ። የሲሉ ከንፈር አንድ ቦታ ላይ ተበጥቷል፣ ዘንጉም ሲሉ በሚነካው ቦታ ላይ በጥፍር የሚታወቅ ጉድጓድ አበጅቷል።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ አዲስ ሲል አስገብቶ ይጨርሳል። ሲሉ ተመልሶ ጉድጓዱ ላይ ከተቀመጠ ግን ከትንሽ ጊዜ በኋላ እንደገና ይሾልካል። እነሱ ዘንጉን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱት፣ ከዚያ ሁለቱን ሲሎች ከድሮው ቦታ ጥቂት ገባ አድርገው ከንፈራቸው ያልተበላ ብረት ላይ እንዲያርፍ አደረጉ። ጉድጓዱ ከዚህ የጠለቀ ቢሆን ዘንጉ ይቀየር ነበር አሉኝ። ኦሪንጎቹ ሁሉ ተቀየሩ። የማፍሰሻና የመተንፈሻ ብሎኖቹ ሮንዴላም አዲስ ሆነ፣ ያቺ ትንሽ ነገር አሮጌዋ ተመልሳ ስትገባ ራሷ ውሃ ታስገባለች። ከዚያ ያንኑ የግፊት ፍተሻ ደገሙ፣ ዘንጉን እያዞሩ። መርፌው ንቅንቅ አላለም።

ዘይቱን ሲሞሉም አየኋቸው። ከታች ነው የሚሞላው፣ በፓምፕ፣ ከላይኛው ቀዳዳ አየር ሳይቀላቀል እስኪፈስ ድረስ። መጀመሪያ የላይኛው ብሎን ይዘጋል፣ ቀጥሎ የታችኛው። ከላይ የሚሞላ ሰው አየር ውስጥ ያስቀራል፣ ዘይቱ ይጎድላል። ዘይቱም ለጀልባ የማርሽ ቤት የሚሆነው ነው፣ ማንኛውም የመኪና ካምቢዮ ዘይት አይደለም።

ሞተሩ ባቱ (ዝዋይ ከተማ) ተመልሶ ሥራ ላይ ነው። ወንድሜ ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ የታችኛውን ብሎን በትንሹ ላላ አድርጎ ዘይቱን አየ፣ ጋሼ አደራ ብለውት ነበር። የወጣው የመጀመሪያ ጠብታ ውሃ ከሆነ ሲሉ አልያዘም ማለት ነው፣ ውሃው ሁልጊዜ ከታች ነው የሚተኛው። የወጣው ግን ንጹሕ ዘይት ነው።

ስለ ዋጋ ትጠይቁኛላችሁ። የምርመራ ሒሳብ ለብቻው ይጠይቃሉ፣ ሥራውን እዚያው ካሠራችሁ ከጠቅላላው ይቀነሳል። እዚያ ካላሠራችሁም ያገኙትን ወረቀት ላይ ጽፈው ይሰጧችኋል፣ ሌላ ቦታ ወስዳችሁ ማሠራት ትችላላችሁ። በአጠቃላይ የከፈልኩት ያኛው ጋራዥ ቴስታታውን ለመክፈት ብቻ ከጠራው በጣም ያነሰ ነው። የተቀየረውን ዕቃ በሙሉ በከረጢት አድርገው መለሱልኝ። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

የማልወደውም አለ፣ እሱንም ልናገር። ስልክ አያነሱም። ወጣቱ ሲመቸው መልሶ ይደውላል፣ ካልተመቸው እናንተው መሄድ ነው። ግቢው ጠባብ ስለሆነ ከባቱ በአይሱዙ ያስጫነ ሰው መኪናው በሩ ላይ ብዙ መቆም አይችልም፣ ጠዋት ከትራፊኩ በፊት ማራገፍ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ኮምፕሬሰሩ ይቆማል፣ ሥራውም አብሮ ይዘገያል። ክረምት ላይ ዝናብ ሲኖር ሞተር አይከፍቱም፣ ምክንያቱም የሚሠሩት ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው፣ ጭቃና አሸዋ ይገባል ይላሉ። ለጥንቃቄያቸው አከብራቸዋለሁ፣ ግን ጥላውን ግድግዳ ቢያለብሱት ደንበኛ ባልተጉላላ ነበር። ደረሰኝም ካልጠየቃችሁ አይቆረጥም፣ ጠይቁ።

ትልቁ መዘግየት ግን የነሱ ጥፋት አይደለም። የጀልባ ሞተር ሲል ሶማሌ ተራ ሄዶ እንደ መኪና ዕቃ አይገኝም። አንዳንዱ በልኬት ተፈልጎ ከሌላ ማሽን ይገኛል፣ የውስጡ፣ የውጭው ዲያሜትርና ውፍረቱ ከገጠመ። ጋሼ በመለኪያቸው ለክተው ወጣቱን ይልኩታል። ካልተገኘ ከዱባይ በሰው ማስመጣት ነው፣ ያኔ መጠበቅ አለ፣ ቀብድም ይጠየቃል። የኔ አንዱ ሲል ከሶማሌ ተራ ተገኘ፣ ሌላውን ጠበቅን።

የምትሄዱ ከሆነ ሞተሩን ከማምጣታችሁ በፊት ዘይቱን አትድፉት። እነሱ ጋ ከደረሰ በኋላ ነው መቀዳት ያለበት፣ የደፋችሁት ዘይት ማስረጃችሁ ነው። ሞተሩ ሰጥሞ የነበረ ከሆነ ወይም ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቷል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ለማስነሳት አትሞክሩ፣ ውሃ አይታመቅምና ቢየላውን (ፒስተኑን ከዋናው ዘንግ የሚያያይዘውን ክንድ) ያጣምማል። ሞተሩ ማሰሪያ ላይ ያለውን የሞዴልና የሴሪ ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ዕቃ የሚታዘዘው በሱ ነው። መረብ የሚበዛበት ሐይቅ ላይ የምትሠሩ ደግሞ አንድ ጥንድ የፕሮፔለር ዘንግ ሲል በትርፍ እንዲያስመጡላችሁ አብራችሁ እዘዙ፣ እኛ አዝዘናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሙሉ ቀን፣ ቅዳሜ እስከ ምሳ ሰዓት ክፍት ናቸው።